ሁለት ባትሪ የጎደላት ጋሪ

«ኧረ ገመዱን አትርገጡት!» ብሎ ጮኸ በያጁ አገኘሁ። ወዲያው የቆመው ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ አለውና አንገቱን ደፋ።

ገመዱ ከሳሎኑ ሶኬት ተነሥቶ፣ ዳሱ ውስጥ በተቀመጡት ሽማግሌዎች እግር ሥር አልፎ፣ ደጅ እስከቆመችው የባትሪ ጋሪ ድረስ ይዘልቃል። ጋሪዋ አራት ትንንሽ ጎማና የሸራ ጣሪያ አላት፤ ከኋላ ደግሞ ድስትና ጀሪካን የሚጫንበት ወለል። የሠራት አብዱረሕማን ትናንት ተቀብሯል። የምትነዳዋ እትየ ባየሽ መርዶውን ሰምተው ከኮኪት ሲበርሩ መጡ። ባትሪው እንደ ልማዱ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ አለቀባቸው። መብራቱ እየመጣ እየሄደ ይኸው እስከ ዛሬ አልሞላም።

የሟቹ ሚስት ሁሪያ የሱዳን ነጭ ቶቧን ተከናንባ ከሴቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ከጀርባዋ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«ደግ ሰው ነበር፣ አላህ ይርሐመው።»

«ደግስ ደግ ነው። ያቺ ጋሪው ግን ወስዳ አትመልስ።»

«ዝም በይ፣ ትሰማለች!»

ሰምታለች። ደስም ብሏታል። ከትናንት ጀምሮ ስለ ደግነቱ ብቻ ሲወራ ሰውየው እየራቀባት ነበር፤ አሁን ሲታማ ግን እዚያው ደጅ ላይ ቆሞ የሚከራከር መሰላት።

አብዱረሕማን ካርቱም ውስጥ በአንድ የጎልፍ ሜዳ ዐሥራ አንድ ዓመት ጋሪ ሲጠግን ኖሯል። ማታ ቤት ሲገባ ይስቅ ነበር። «ሁሪያ፣ ኳሷን ይመቷታል፤ ከዚያ ኳሷ የወደቀችበት ለመድረስ መኪና ይሳፈራሉ። እግር አላቸው እኮ!» ጦርነቱ መጥቶ ሲሸሹ አንዲት የጋሪ ሞተር በእሷ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ተሸከመ። ሁለት ሻንጣ ልብስ እዚያው ቀረ። መንገዱን ሙሉ «ልብሴን ጥለህ ብረት!» እያለች አለቀሰችበት።

ሸሽተው የገቡባት መተማ የእሱ የትውልድ አገር ናት። እናት አባቱ ግን ከሞቱ ቆይተዋል። እሷ ደግሞ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች፣ መተማን በስም ብቻ የምታውቅ ነበረች። የመጀመሪያዎቹን ወራት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ከማየት በቀር ከሰው አልተናገረችም። እሱ ብየዳ ከሚያውቀው ከአገኘሁ ጋር አንድ የቆርቆሮ ቤት ተከራየና ጋሪ መሥራት ጀመረ። ባጃጆቹ ለቤንዚን ተሰልፈው ሲውሉ፣ ሰው ይቺን ድምፅ የሌላት ነገር እየሳቀም ቢሆን ይሳፈርባት ጀመር።

የመጀመሪያዋን ጋሪ የወሰዱት እትየ ባየሽ ናቸው። ለሰሊጥ አጫጆች ምግብና ውኃ ማሳ ድረስ የሚያደርሱ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ምላሳቸው ረጅም ሴት። ለቁመታቸው ብሎ መሪዋን ዝቅ አደረገላቸው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ገበያ ውለው ወደ ኮኪት ሊመለሱ ሲሉ ጋሪዋ ቀጥ አለች።

«አንተ ሰውየ! ወስዶ የማይመልስ ምን ዓይነት ጉድ ነው የሠራህልኝ?»

«እትየ፣ ባትሪ ጠፋ። ሲገኝ እጨምርልዎታለሁ። ለዛሬ እኛ ዘንድ ይደሩ» አለ አብዱረሕማን፤ ዐይኑን ከሳቸው አሽሽቶ።

አደሩ። የእስላም ሥጋ ስለማይበሉ ሁሪያ ምስር ሠራችላቸው። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አደሩ፤ በሚቀጥለውም። ሁሪያ ለሳቸው ብቻ የሚሆን ድስት ለየች። ስለ ገዳሪፍ፣ ስለ እናቷ፣ ስላልወለደችው ልጅ ነገረቻቸው። እሳቸውም እየተሳደቡ አጽናኗት። ጋሪዋ ድምፅ ስለሌላት ሁሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀትር ጀምሮ አሥር ጊዜ ወደ ደጅ ትወጣ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ዳሱ ፈረሰ። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገው ተነሡ፤ ሴቶቹ «ሰብር ይስጥሽ» እያሉ አንድ በአንድ ወጡ። አገኘሁ ቆቡን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቀረ።

«እትየ ሁሪያ፣ አንድ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው።»

«ንገረኝ።»

«የእትየ ባየሽ ጋሪ ሁለት ባትሪ ይጎድላታል፤ ከተሠራች ጀምሮ። ባትሪዎቹ ግን አሉ። ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ፣ መደርደሪያው ሥር በጆንያ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። ኡስታ አብዱረሕማን እንዳይበላሹ በየወሩ ይሞላና መልሶ ይሸፍናቸዋል። ልግጠማቸው ስለው ‹ተው› ይለኛል።»

«ለምን?»

አገኘሁ መሬት መሬት አየ። «‹ሁሪያ እዚህ አገር ሰው የላትም። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ሰው ይደርላት› ነው ያለኝ። አሁን ግን እሱ የለም። አሮጊቷን እያወቅሁ ላጉላላቸው? ምን ይሉኛል?»

«ይሄ ሌባ!» አለች ሁሪያ። ሳቀች፤ ሳቁ ግን ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ «ሥራ አለብኝ» እያለ እራቱን ይዞ ይወጣ የነበረው ሴቶቹ እንደ ልባቸው እንዲያወሩ ኖሯል። አንድ ጊዜ እንኳ አልጠረጠረችም።

ከፊቷ የዒዳዋ፣ የባሏ ሐዘን መጠበቂያ፣ አራት ወር ከዐሥር ቀን አለ። ከደጅ የማትወጣበት፣ ማንም ካልመጣ ማንንም የማታይበት። «ተወው» ብትል አገኘሁ ይተዋል። ባትሪዎቹ ጆንያቸው ሥር ይቀመጣሉ፤ እትየ ባየሽም ቅዳሜ ቅዳሜ እየተራገሙ ያድራሉ። አንድ ቃል ብቻ ነው። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። እሱ ያደረገው ግን ለእሷ ብሎ ነው። እሷ ለራሷ ብላ ያቺን ሴትዮ በገመድ አስራ ብትይዝ ምን ትባላለች?

«ግጠምላቸው» አለች። «እውነቱንም ንገራቸው።»

ከውስጥ ሆና ታዳምጥ ጀመር። የመፍቻ ድምፅ ሰማች፤ ከዚያ የአገኘሁን የሚንተባተብ ድምፅ። በመጨረሻ የእትየ ባየሽ «ኤዲያ!» ተሰማ። ስድብ ይከተላል ብላ ጠበቀች። አልተከተለም።

ገመዱ እንደገና ተሰካ። አገኘሁ «እስከ ዐሥር ሰዓት ትሞላለች፤ ከዚህ ወዲያ ደርሶ መልስ ናት» ብሎ ተሰናብቶ ሄደ። ሁሪያ ፊቷን ታጠበች፤ ስትሰናበታቸው ላለማልቀስ ለራሷ ቃል ገባች።

ወደ ሳሎን ስትገባ እትየ ባየሽ ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን ዘርግተው ግድግዳውን ተደግፈዋል።

«መሸብዎት እኮ እትየ።»

«አልሞላም» አሉ ወደ ጣሪያው እያዩ።

«አጫጆቹስ?»

«ምራቴ ታበላቸዋለች። ባትሪው አልሞላም አልኩሽ እኮ! እንዲህ በቀላሉ የሚሞላ አይመስለኝም። ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል።»

ሁሪያ ወደ ሶኬቱ አየች። አምፖሉ በርቷል። ሶኬቱ ላይ ግን ምንም የተሰካ ነገር የለም። ገመዱ በጥንቃቄ ተጠቅልሎ እትየ ባየሽ ጉያ ሥር፣ በነጠላቸው ጫፍ ተሸፍኗል።

ወደ መኝታ ክፍል ገባች። የአብዱረሕማን ትራስ እሱ እንደተወው ነው፤ ሦስቱን ቀን ማንም አልነካውም። አነሣችና ፊቷን ቀበረችበት። ከዚያ ወጥታ፣ እትየ ባየሽ በሚያድሩበት አንገረብ አልጋ ላይ በራስጌው በኩል አስቀመጠችው።