እንደምን አደርክ፣ የጦር ወንጀለኛ

አክስቴ ሃይሪያ ፍርድ ቤት የተከሰሰችው በሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ወንጀሏ ሰላምታ ነበር።

ከሳሿ ጎረቤቷ ኦስቶያ ነው። በግቢያቸው መካከል ያለው አንድ የእንጨት አጥር ብቻ ነው። ዩጎዝላቪያ የምትባለው አገራችን ሳትፈርስ በፊት ኦስቶያ የስፖርት አስተማሪና የከተማችን ቡድን ተከላካይ ነበር። የአክስቴ ባል ሙሃረም ደግሞ የእግር ኳስ ዳኛ። ኦስቶያ ሰርብ፣ ሙሃረም ሙስሊም መሆኑ ያኔ የማንም ጉዳይ አልነበረም፤ ከተማው ሙሃረምን የሚጠላው በዳኝነቱ ብቻ ነው። ኦስቶያን ሁለት ጊዜ በቀይ ካርድ አስወጥቶታል። ሁለቱንም ጊዜ በማግስቱ የፕሪም ፍሬ አረቄ አብረው ጠጥተው ታርቀዋል።

ከዚያ አገር ፈረሰ። የኛዋ ቦስኒያ ተገነጠለች፣ ጦርነቱ መጣ፣ በቴሌቪዥን ሲጮኽ የነበረው ሁሉ በራችን ላይ ይጮኽ ጀመር። በመጀመሪያው ሐምሌ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ጭምብል ያጠለቁ አራት የሰርብ ታጣቂዎች የአክስቴን በር ደበደቡ። ሦስቱ በረንዳው ላይ ቀሩ። አራተኛው ሊገባ ሲል በሩ ላይ ጎንበስ አለና ጫማውን አወለቀ።

"ፊቱን ሸፍኖ፣ ጠመንጃ አንግቶ፣ ጫማውን አወለቀ!" ትላለች አክስቴ እስከ ዛሬ። "ሃያ ዓመት ሙሉ 'ምንጣፌን!' እያልኩ የጮኽኩበት ሰውዬ ባሌን ሊወስድ መጥቶም ምንጣፌን ፈራ።"

እግሩ ላይ ያለው የሱፍ ካልሲ ደግሞ የእሷ የእጅ ሥራ ነበር። ለኦስቶያ ልደት ስትሠራለት ቀዩ ክር አልቆባት አንደኛውን ተረከዝ በአረንጓዴ ጨርሳዋለች።

ሙሃረምን ወደ ትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

ከአሥር ዓመት በኋላ ኦስቶያ ተይዞ ሄግ ያለው የጦር ወንጀል ፍርድ ቤት ቀረበ፤ አክስቴም ለምስክርነት ተጠራች። አጅቤያት የሄድኩት እኔ ነኝ፤ የወንድሟ ልጅ ዚያድ እባላለሁ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የተከሳሹ ጠበቃ እሳት የላሰ ነበር።

"እመቤት፣" አላት፣ "ሊገድል የመጣ ታጣቂ ጫማውን አወለቀ ነው የሚሉን?"

"እቤቴ ጫማውን ሳያወልቅ የሚገባ የለም፣ ልጄ። አንተም ብትመጣ ታወልቃለህ።"

"ካልሲ እኮ ካልሲ ነው። በምን ለዩት?"

"አንተ የራስህን የእጅ ጽሑፍ በምን ትለያለህ? እኔ የገዛ ስህተቴን አውቀዋለሁ።"

ዳኞቹ በማዳመጫቸው ትርጉሙ ሲደርሳቸው አንደኛው አፉን በእጁ ሸፈነ። ኦስቶያ ግን እግሩን ወንበሩ ሥር ሰበሰበ፤ ያን ዕለት ቆዳ ጫማ ማድረጉን የረሳ ይመስል።

አሥራ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ስምንቱን ጨርሶ ተፈታ። አንድ የሰሜን አውሮፓ እስር ቤት ሸክላ ሥራ ተምሮ፣ ሦስት ኪሎ ጨምሮ፣ ጥርሱን አሠርቶ መጣ። ወዳጆቹ ጠቦት ጠብሰው በአኮርዲዮን ተቀበሉት። በነጋታው ጠዋት ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አክስቴን ሲያገኛት፣ ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ነውና፣ "እንደምን አደርሽ፣ ጎረቤቴ" አላት።

"እንደምን አደርክ፣ የጦር ወንጀለኛ" አለችው።

በቁጣ አይደለም። ለዶክተር "ዶክተር" እንደሚባለው፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ። ዳቦ ጋጋሪው ቡሬክ የሚባለውን ባለሥጋ ጥቅል የሚቆርጥበትን ቢላዋ እንደያዘ ቀረ።

"ምን አልሽ?"

"ምነው? ማዕረግህ እኮ ነው። ስንቱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያላገኘውን አንተ በአንድ ፍርድ ቤት አገኘኸው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ጠዋት አልዘለለችም። በፖስታ ቤት፣ በአውቶቡስ ፌርማታ፣ በአጥሩ ላይ። ሲያስነጥስ እንኳ "ይማርህ፣ የጦር ወንጀለኛ" ትለዋለች። ሰውዬው ዳቦ ቤቱን ሽሽት በዳቦ ፈንታ ብስኩት እየገዛ መብላት ጀመረ። በሦስተኛው ዓመት አላስቻለውም፤ በስድብና የሕዝብን ሰላም በማወክ ከሰሳት።

የከተማችን ዳኛ ወጣት ሴት ናት፤ ጦርነቱ ሲጀመር የአንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች።

"ወይዘሮ ሃይሪያ፣ ይህን ቃል ብለዋል ወይስ አላሉም?"

"ብያለሁ፣ የኔ ልጅ። አሁንም ደረጃው ላይ ስንገናኝ ብየዋለሁ።"

"ማስረጃ አለዎት?"

እኔ ተነሳሁ። ፍርዱን በሙሉ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ፣ ኮፒ አድርጌ በገበያ ጋሪ ገፍቼ ነበር ያመጣሁት። ዳኛዋ ጋሪውን አየች፣ ሰዓቷን አየች፣ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አነበበች።

"ቅጣቴን ጨርሻለሁ!" አለ ኦስቶያ። "ነፃ ሰው ነኝ!"

"ቅጣትዎን ጨርሰዋል። ጥፋተኛ የተባሉበት ፍርድ ግን አልተሻረም።" ወደ አክስቴ ዞረች። "ለሰላም ሲባል፣ ዝም ብለው 'እንደምን አደርክ' ቢሉትስ?"

አክስቴ ወደ ኦስቶያ ዞረች።

"ባሌን የት እንደቀበረው ይንገረኝ። እንኳን 'እንደምን አደርክ'፣ ቡና አፍልቼ እጠራዋለሁ።"

ኦስቶያ ጣሪያውን አየ። ከኋላ የተቀመጠችው ሚስቱ ስታና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ክሱ ውድቅ ሆነ፤ እኔ ጋሪዬን እየገፋሁ፣ አክስቴ እየተሳደበች ወደ ቤት ተመለስን። የምትሳደበው እኔን ነው፤ ወረቀቱን በሁለቱም ገጽ አላተምከውም ብላ።

በሳምንቱ፣ እሁድ ከሰዓት፣ ስታና መጣች። እኔና አክስቴ ባቄላ እየፈለፈልን ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ አጥሩን አልፋ አታውቅም። ጫማዋን አወለቀችና በሩ ላይ ቆመች።

"ሙሃረም የተወሰደ ሳምንት ለኦስቶያ ምሳ አድርሼለታለሁ" አለች፣ ሰላምታም ሳታስቀድም። "በድስት፣ የባቄላ ሾርባ። አሮጌው የጡብ ፋብሪካ ጀርባ፣ ከውሃ ታንኩ በላይ። በቁፋሮ መኪና ያስቆፍሩ ነበር። 'የውሃ ቧንቧ ነው' አለኝ። ሃይሪያ፣ እዚያ የውሃ ቧንቧ የለም። ኖሮም አያውቅም።"

አክስቴ የያዘችው ባቄላ ከእጇ ወደቀ።

"ሃያ ዓመት፣ ስታና?"

"ፈራሁት።"

"እኔስ አልፈራሁም? እየፈራሁ አይደል የምለፈልፈው!"

ስታና ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። "አይ፣ እሱ ይቅር" አለች አክስቴ። ግን ወንበር ገፋችላትና ውሃ ቀዳችላት። ሁለቱም የቀረውን ባቄላ ፈልፍለው ጨረሱት። እኔ ወጥቼ ደጅ ላይ አለቀስኩ፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

የጠፉ ሰዎችን የሚፈልጉት ባለሙያዎች መጡ፤ ስታና ያለችው ቦታ ላይ ሰባት ሰው አገኙ። የሙሃረም ወንድም ለዘረመል ምርመራ ደም ሰጠና ከሰባቱ አንዱ ሙሃረም ሆነ። ዐቃቤ ሕጉ አዲስ መዝገብ ከፈተ። ኦስቶያ ግን መጥሪያው ሳይደርሰው የድንበሩን ወንዝ ተሻግሮ ሰርቢያ ገባ፤ የዚያም ዜግነት አለው፣ የራሳቸውን ዜጋ ደግሞ አሳልፈው አይሰጡም። ስታና አልተከተለችውም። ቤቱን በስሟ አዛውራ የእሱን ሸክላዎች ለዶሮዎቿ ውሃ መጠጫ አደረገቻቸው።

ሙሃረምን በሐምሌ ቀበርነው። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰውን ሳጥን አራት ሆነን ስናነሳው በጣም ቀለለንና ልንወድቅ ምንም አልቀረን።

"ዘጠና አምስት ኪሎ ነበር" አለች አክስቴ ከጎኔ ሆና። "ሐኪሙ ቀንስ ቀንስ ሲለው እምቢ ብሎ።"

ሳቄ አመለጠኝ። ኢማሙ ገላመጡኝ። አክስቴ እጄን ጭምድድ አድርጋ ያዘች፤ ጥፍሯ ቆዳዬን እስኪበሳ ድረስ ያዘችና አፈሩ ሞልቶ እስኪያልቅ አለቀቀችኝም።

ከቀብር መልስ ሄዳ ተኛች። ሁለት ቀን ሙሉ ተኛች፤ ሰው ሞተች ብሎ ደወለልኝ። በሦስተኛው ቀን ስሄድ ፀጉሯን ታጥባ፣ ፎጣ ጠምጥማ፣ ድስቱን ፊቷ አድርጋ እየበላች አገኘኋት።

"ሃያ ዓመት እንቅልፍ ነበረብኝ" አለች፣ አፏ ሙሉ ሆኖ። "ምን ትገትርብኛለህ? ቁጭ በልና ብላ።"