የተጠረገው ድምፅ

ሚናስ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ሲሠራ ካየ ያመዋል። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም፤ ቢሮአችንን ቢሮ ያደረገው ይኸው ሕመሙ ነው።

እኛ ፒያሳ ውስጥ፣ ከፈረሳው በተረፈ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ ሦስት ሆነን ኮምፒውተር አማርኛ እንዲናገር የምናስተምር ሰዎች ነን። ሚናስ ፕሮግራም ይጽፋል፣ ሲራጅ ድምፅ ይቀርጻል፣ እኔ ረይሀና ደግሞ ቢሮውን አስተዳድራለሁ፣ የተሠራውንም እፈትሻለሁ። ሲራጅ ሲያስተዋውቀኝ «ረይሀና ደግሞ ትጮሃለች» ይላል። አልዋሸም።

ሥራችን ሁሉ ጊት በሚባል መሣሪያ ይመዘገባል። ማን ምን እንደለወጠ ይይዛል፤ ካበላሸንም ወደ ትናንቱ ይመልሰናል። ለዚህ መሣሪያ ትእዛዝ የሚሰጡ ትንንሽ ስክሪፕቶች አሉን። አንዱ ያልተመዘገበውን ጠርጎ ሥራውን ያድሳል፣ አንዱ የኮምፒውተሩን ሥልጠና ያስጀምራል፣ አንዱ ያቆማል። ሚናስ እነዚህ ሁሉ ተመሳሳይ መስመሮች ሲደጋግሙ አየና ሕመሙ ተነሣበት። የሚደጋገመውን ለቅሞ አንድ ፋይል ውስጥ ከተተው፤ እኛም «የጋራው» አልነው። ትክክለኛው ፎልደር ውስጥ መሆንህን የሚያረጋግጥ፣ ነገር ሲበላሽ ሥራውን የሚያቆም፣ ያልተመዘገበ ፋይል ካለ «አልጠርግም» ብሎ እምቢ የሚል፣ ሁሉም እዚያ አለ። የትኛውም ስክሪፕት ሲነሣ መጀመሪያ የጋራውን ይጠራል። አንድ ቦታ ካስተካከልክ ሁሉም ጋ ይስተካከላል። አንድ ቦታ ካበላሸህስ ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ጋሼ ተክላይን የፒያሳ ሰው በመልካቸው ሳይሆን በድምፃቸው ነበር የሚያውቃቸው። ከኬክ ቤቱ ባንኮኒ ጀርባ ቆመው «አንድ ማኪያቶ፣ ጠቆር ያለ!» ሲሉ ውጭ የቆመ ታክሲ ውስጥ ይሰማ ነበር። ዶሮ ማነቂያ ተወልደው እዚያው አረጁ። ሠፈሩ ሲፈርስ ከልጃቸው ከአክበረት ጋር ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሐኪሞቹ ማንቁርታቸው መውጣት አለበት አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፅ የለም ማለት ነው። አክበረት ይህን በሰማች ማግስት እኛ ቢሮ መጣች።

«ከመጥፋቱ በፊት የአባዬን ድምፅ ያዙልኝ» አለች።

ሲራጅ ያዘላት። ሽማግሌውን አጠገቡ እያስቀመጠ በየቀኑ የሚያስፈልጋቸውን ንግግር አንድ በአንድ ቀረጸ፤ በኋላ ስልካቸውን ነካ እያደረጉ በገዛ ድምፃቸው እንዲናገሩበት። መቅረጫው የተውሶ ስለነበር ድምፁን ወደ ትልቁ ኮምፒውተር ገልብጦ፣ መቅረጫውን አጽድቶ ለባለቤቱ መለሰ። እያንዳንዱን ፋይል ውስጡ ባለው ንግግር ሰየመው። «ውሃ ስጡኝ»፣ «ደህና ደርሻለሁ»፣ «መብራቱን አጥፉት»። አክበረት ስትከፍተው እንድታነበው ብሎ፣ በአማርኛ፣ በራሳችን ፊደል።

እኛ ኮምፒውተርን አማርኛ የምናስተምር ሰዎች ፋይላችንን የምንሰይመው በላቲን ነው። ያዘዘን የለም፤ ለምዶብን ነው። በሙያችን ያለ ሰው ሁሉ እንደዚያ ስለሚያደርግ ልማድ መሆኑንም ረስተነዋል። ለጋሼ ተክላይ ሲል ያን ልማድ የተወው ሲራጅ ብቻ ነበር። ድምፁ ደግሞ ከባድ ስለሆነ ጊት ውስጥ አልተመዘገበም። ሌላ ዲስክ ላይ ቅጂ እናስቀምጥለታለን ብለናል። መቼ? ነገ። የኛ ነገር ሁሌም ነገ ነው።

ጋሼ ተክላይ ከቀዶ ጥገናው አገግመው ድምፃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሰሙ በሚመጡበት ዕለት፣ ረፋዱ ላይ፣ ሚናስ የጋራውን አሻሻለ። «አልጠርግም» የሚለው ፈንክሽን፣ ያ የጋራው ክፍል፣ ሁላችንንም አሰልችቶን ነበር፤ ሥራ ለማደስ በተነሣን ቁጥር እምቢ ይለናል። አሁን እምቢ ማለቱን ይተውና ያልተመዘገበውን «ማቆያ» ወደሚባል ፎልደር ገልብጦ፣ ከዚያ በኋላ ይጥረግ ተባለ። እኔም በራሴ ፋይሎች ሞከርኩት፤ ሠራ። ሚናስ ትልቁ ኮምፒውተር ላይ አስኬደው። «ሁሉም በደህና ተቀምጧል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ወዲያው ሥልጠናውን አስጀመረና ወደ ሌላ ሥራው ዞረ።

ሲራጅ ዙህር ሰግዶ ተመለሰ። ለጋሼ ተክላይ የሚያሰማቸውን ሊያዘጋጅ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ፣

«ረይሀና፣ የጋሼ ተክላይን ፎልደር ያነሣ አለ?» አለኝ።

«ማቆያ ውስጥ እየው። ሚናስ ጠርጎ ነበር።»

«አየሁት። የሚናስ ሙከራዎች አሉ፣ የኔም ቁርጥራጭ አለ። የሳቸው ድምፅ የለም።»

ሚናስ ከወንበሩ ሳይነሣ ሣቀ። «አቦ አታስደንግጠን! ሁሉም ተቀምጧል ብሎኛል እኮ።»

«ና እየዋ።»

ሚናስ መጥቶ አየ። ፎልደሩን ዘጋና እንደገና ከፈተው። ከዚያ የጋራውን ፋይል አውጥቶ ከላይ ወደ ታች ማንበብ ጀመረ። አንዱ መስመር ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ጊት የኛን ፊደል ሲያገኝ ስሙን በቁጥር ለውጦ ነው የሚዘረዝረው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ደግሞ በዚያ ቁጥር የሚጠራ ፋይል እንዲገለበጥ ነው ያዘዝኩት። እንዲህ የሚባል ፋይል የለም። ስለዚህ አልተገለበጠም።»

«ካልተገለበጠ ለምን አልተናገረም?»

«ስህተት ቢያገኝ ዝም እንዲል አድርጌው ነበር። መልእክቱ ስክሪኑን እየሞላ አስቸገረኝ።»

«መጥረጊያውስ?»

«መጥረጊያው ስም አይጠይቅም። ያልተመዘገበ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚጠርገው።»

ደሜ ፈላ። «እምቢ የሚለውን ዘበኛ አባርረህ ዲዳ ቀጠርክልን!» ብዬ ጮህኩበት። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ጋሼ ተክላይ ትዝ አሉኝና አፈርኩ።

«ጩኸቱን በኋላ» አለ ሲራጅ። ሲደነግጥ ድምፁ የሚረጋ ሰው ነው። «ዲስኩ የድሮ ነው። ከላዩ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ የተጠረገው እዚያው አለ።»

ሦስታችንም አንድ ላይ ወደ ትልቁ ኮምፒውተር ዞርን። ሥልጠናው እየሄደ ነው። የደረሰበትን በየጊዜው ዲስኩ ላይ ይጽፋል። ኪርር ሲል ይሰማናል፤ ኪርር ባለ ቁጥር የሰውየው ድምፅ ላይ እየጻፈ ሊሆን ይችላል። ሚናስ ሊያስቆመው እጁን ወደ ኪቦርዱ ሰደደ።

«እንዳትነካ!» አለ ሲራጅ። «የማቆሚያው ስክሪፕትም የጋራውን ይጠራል። የጋራው ሲነሣ ምን ያደርጋል?»

«መቼ እንደተነሣ ይጽፋል» አለ ሚናስ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«የት?»

«እዚያው ዲስክ ላይ።»

ሄጄ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ኮምፒውተሩ መሥራቱን ቀጠለ። ለካ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ እንዳይቋረጥብን ብለን ባትሪ ገዝተንለታል፤ ባትሪውን ደግሞ ሰው እንዳይነካው ከብረት ቁምሳጥኑ ጀርባ ሸጉጠነዋል። ኪርር። ሚናስና ሲራጅ ቁምሳጥኑን ተሸክመው ሊያነሡት ሞከሩ፤ አልነቃነቅ አለ። ኪርር። እኔ ከላይ የተከመረውን አንድ ባንድ እየወረወርኩ አራገፍኩ፣ እነሱ ገፉ፣ ሚናስ ክንዱን በተፈጠረው ክፍተት አስገብቶ ያገኘውን ገመድ ሁሉ ጎተተ። መላው ቢሮ ጸጥ አለ። ክንዱ ከትከሻው እስከ አንጓው ተልጦ ነበር፤ ያየው አይመስለኝም።

ስልኬ ጠራ። አክበረት ናት።

«ረይሀና፣ ምኒልክ አደባባይ ደርሰናል። አባዬ መጀመሪያ ጊዮርጊስን ልሳለም ብሏል፤ ከዚያ ወደናንተ እንወርዳለን። በደስታ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም።»

አትምጡ ማለት ነበረብኝ። «እሺ የኔ እመቤት፣ ኑ» አልኳት።

ሲራጅ ዲስኩን አውጥቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አያያዘው፤ ማንበብ እንጂ መጻፍ በማይቻልበት መንገድ። ሚናስ ተቀመጠ። ጣቶቹ ከልማድ የተነሣ የጋራውን መጥሪያ መስመር መምታት ሲጀምሩ ሲራጅ አንጓውን ያዘው።

«በእጅህ ጻፈው» አለው። «ዛሬ ምንም እንዳትጠራ።»

ሚናስ ፊደል በፊደል እያየ ጻፈ። እያንዳንዱን ትእዛዝ ከማስፈጸሙ በፊት ሲራጅን ያየዋል፣ ሲራጅ ራሱን ይነቀንቃል። ያ «እኔ ከሞከርኩት በኋላ ሌላ ሰው መሞከር የለበትም» ሲል የነበረው ሚናስ ነው። አሳዘነኝ፤ ንዴቴ ግን ገና አልበረደም።

ፋይሎቹ መውጣት ጀመሩ። አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ግን ቸኩዬ ነበር። ስም የላቸውም። ሲራጅ የጻፈላቸው ሁሉ ጠፍቶ የወጡት ቁጥር ለብሰው ነው። አንዳንዱ ግማሽ ነው፣ አንዳንዱ ሲከፈት እንደ ዝናብ ሹሽ ይላል። ከሁሉም የሚብሰው፣ የትኛው ጨርሶ እንደጠፋ ማወቂያ አልነበረንም።

የእንጨቱ ደረጃ ሲንቋቋ ሰማነው።

«የቴክኒክ ችግር ገጥሞናል፣ ሳምንት ይመለሱ እንበላቸው» አለ ሚናስ በሹክሹክታ። «እስከዚያ እንደርስበታለን።»

«አንተ ትናገራለህ ወይስ እኔ ልናገር?» አልኩት።

አየኝ። ተነሥቶ በሩን ራሱ ከፈተው። ጋሼ ተክላይ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ አንገታቸው ላይ ነጭ ሻሽ ጠምጥመው ቆመዋል። ለሠርግ የሚሄዱ ይመስላሉ። ሚናስ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ጨበጠና ሳይለቃቸው ነገራቸው። ድምፃቸውን የጠረገው እሱ የጻፈው ፈንክሽን መሆኑን፣ ቅጂ እንዳልነበረ፣ የተገኘውም ስንኩል መሆኑን። ምንም አላስጌጠውም።

አክበረት ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወረደ። «አንድ ነገር ነው የለመንኳችሁ» አለች። «አንድ ነገር። ሌላ ምን አስቸገርኳችሁ? አሁን በምን ይናገርልኝ? ተመልሶ ይቀረጽ ልትሉኝ ነው?» ማናችንም ቀና ብለን ልናያት አልቻልንም።

ጋሼ ተክላይ የልጃቸውን ክንድ ነካ አደረጉ። ገብተው የሲራጅ ወንበር ላይ ተቀመጡና በእጃቸው ወደ ኮምፒውተሩ አመለከቱ። አሰሙኝ ማለታቸው ነው።

ሲራጅ አሰማቸው። «ውሃ ስጡኝ» አለ ኮምፒውተሩ፣ ያ ፒያሳ የሚያውቀው ድምፅ፣ ጥርት ብሎ። አክበረት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሲራጅ ስሙን መልሶ ጻፈለት፣ በአማርኛ። «ደህና ደርሻ» አለና ተቆረጠ። እጃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ሲራጅ ወደ ጎን አኖረው። ቀጣዩ ሹሽታ ብቻ ነበር። ቀጣዩ «ተመስገን፣ ጠግቤያለሁ» አለ፣ ሙሉውን። እንዲህ እያልን ሄድን። ሙሉ ሲሆን እንተነፍሳለን፣ ሲቆረጥ ትንፋሻችን አብሮ ይቆረጣል። ሚናስ ከኋላ ቆሞ የተላጠ ክንዱን ይዞ ነበር፤ ቁጭ በል ብለው አልቀመጥ አለኝ።

የወጡት ወደማለቁ ሲደርሱ አንድ አጭር ፋይል ተከፈተ። መጀመሪያ የወንበር ድምፅ፣ ከዚያ የጉሮሮ መጥረግ፣ ከዚያ የሳቸው ድምፅ፤ እንደ ባንኮኒው ጥሪ ሳይሆን ዝቅ ብሎ፣ ቤት ውስጥ ሰው እንደሚጠራ።

«አክበ»

እዚያ ላይ ተቆረጠ።

«ይሄን እኔ አላስቀረጽኳቸውም» አለ ሲራጅ። «ለውሃ ስወጣ ራሳቸው የጨመሩት መሆን አለበት።»

ሚናስ ደግሞ ሊያጫውተው እጁን ዘረጋ፤ የተረፈ ነገር እንዳለ ሊያይ። እኔ ነኝ እጁን የያዝኩት። ጋሼ ተክላይ ከስክሪኑ ዞረው ልጃቸውን እያዩ ነበር። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ የተቆረጠውን ከቆመበት አንሥቶ ጨረሰው። ድምፅ አልወጣም።

«አቤት፣ አባዬ» አለች አክበረት።