ተረከዝ ያለው ጫማ

እግር ሠሪዋ የመጨረሻ የሥራ ቀኗን የጀመረችው በጥድፊያ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ሠራሽ እግር ስትቀርጽ፣ ስትሞርድ፣ ስትገጥም ኖራ፣ ከነገ ጀምሮ የሕክምና ዕቃ በሚያስመጣ ድርጅት የሽያጭ ኃላፊ ልትሆን ነው። ደመወዙ የአሁኑን ሦስት እጥፍ ነው፤ ለዚያውም በመኪና ተወስዳ በመኪና ተመልሳ! ልብስ ሰፊው ባሏ ሁለት መኝታ ቤት ያለው ቤት አይቶ ጨርሷል። ወጥ ቤት ጥግ የምትተኛው የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸውማ የራሷን ክፍል በሐሳቧ ቀለም መቀባት ከጀመረች ሰነባብታለች። እንዲህ ያለውን ዕድል የሚገፋ ሰው ጤነኛ አይደለም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያለው ይህንኑ ነው።

የቀረቻት አንዲት ባለጉዳይ ናት፤ ዝምተኛ አስተማሪ። አዲሱን እግር አጥልቃ በሁለቱ መደገፊያ ብረቶች መካከል ስትራመድ አንዴም አልተንገዳገደችም።

«እሰይ የኔ እመቤት! ቆመሽ ልታስተምሪ ነው» አለቻት እግር ሠሪዋ።

አስተማሪዋ ፈገግ አለችና ከቦርሳዋ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቀይ ጫማ አወጣች። ተረከዙ ሦስት ጣት ይሆናል።

እግር ሠሪዋ ክው አለች። እግሩን የሠራችው ለዝርግ ጫማ ነው፤ በዚህ ተረከዝ ከቆሙበት ወደ ፊት ይደፋል። ልኬት ከመውሰዷ በፊት «የትኛውን ጫማ ነው የሚወዱት?» ብላ የማትጠይቀው ሰው አልነበረም። የአስተማሪዋን ልኬት የወሰደች ቀን ግን ልቧ አዲሱ ቢሮ ገብቶ ተቀምጦ ነበርና ሳትጠይቅ ቀረች። ይህንኑ ሳትደብቅ ነገረቻት።

«ግድ የለም እቴ» አለች አስተማሪዋ፣ ጫማውን መልሳ እየጠቀለለች። «ለእህቴ እሰጣታለሁ። እኔ መራመዴ ይበቃኛል።»

ብትቆጣ ይሻል ነበር። ያ «ይበቃኛል» ያሉት ነገር የእግር ሠሪዋን አንጀት በላው። አዲሱ ሥራ ላይ እግር በካርቶን ትሸጣለች፤ ማን እንደሚያጠልቀው አታይም፣ ስለ ጫማም አትጠይቅም። ይህን ሥራ ምን ያህል እንደምትወደው እስከዛሬ ለራሷ እንኳ ነግራ አታውቅም።

«ለእህትሽ እንዳትሰጪ!» አለቻት። «የዛሬ ሳምንት ነይ፣ ሌላ እሠራልሻለሁ።»

«ነገ ትሄዳለች ሲሉ ሰማሁ እኮ?»

«ሰው ምን የማያወራው አለ!»

አስተማሪዋን ሸኝታ ግቢው ጥግ ቆመችና ለባሏ ደወለች። ከስልኩ ወዲያ የስፌት መኪናው ይንገጫገጫል። ጥፋቷን፣ ጫማውን፣ ሁሉንም እየተንተባተበች ነገረችው።

«ልሄድ አልቻልኩም። ከፈለግክ ተቆጣኝ።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«ለአዲሱ ቤት ባለቤት እኔ እነግረዋለሁ» አለ። «ድሮስ ስለዚያ ደመወዝ ስታወሪ ፊትሽ መቼ ፈካና!»

«ልጅቷስ?» አለች፣ እንባዋ እየቀደማት። «ለሷ ማን ይነግራታል?»

ይሄኛው ከበደው።

«ነይና አብረን እንነግራታለን» አላት። «ለብቻሽ አትችይውም። እኔም አልችለውም።»