የገነቴ ልጅ

ገነቴን ያታለላት ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ገና ከደጅ ትመልሰው ነበር። ያታለላት ግን የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም፣ ርእሰ መምህሩ አበራ ነው፤ ያውም ቤቷ ገብቶ፣ ቆጮዋን በልቶ፣ ጸልዮ።

የትምህርት ቤቱ አጥር ከገነቴ ጓሮ ጋር ይዋሰናል። ሌሞ ወረዳ ውስጥ፣ ከሆሳዕናው አስፋልት ብዙም የማይርቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አንድ ተማሪ እንኳ ማሳለፍ አቅቶት የወረዳው መሳቂያ ሆኖ ሰነበተ፤ አበራም በየስብሰባው አንገቱን ደፍቶ ይመለስ ነበር። በኋላ ከአዲስ አበባ አንድ ድርጅት መጣና፣ «ከመንግሥት ጋር ሆነን እናስተዳድረዋለን፤ መምህር እናመጣለን፣ ቤተ ሙከራ እንሠራለን፤ እናንተ ቦታ ስጡን» አለ። ከገነቴ ጓሮ በቀር ደግሞ ቦታ አልነበረም።

ጓሮው እንሰት ነው። እንሰት ያላት መበለት የማንንም ፊት አታይም፤ ገነቴም ይህን አሳምራ ታውቃለች። አበራ ግን የት እንደሚነካት ያውቅ ነበር።

«ልጅሽ ሰሎሜ ስምንተኛን ጨርሳለች» አላት። «ሌላው ትምህርት ቤት ወንዝ ማዶ ነው፤ መንገዱ ለሴት ልጅ እንደማይሆን አንቺው ታውቂያለሽ። እዚህ ግን ከጓሮሽ ወጥታ ክፍል ትገባለች። ወንድሜ ቢኖር እምቢ ይለኝ ነበር?»

ሙት ለሚያስመሰክር ሰው ምን መልስ አለው? ገነቴ ሽማግሌዎች ባሉበት ቦታውን መርቃ ሰጠች። ወረቀት የጠየቀ የለም፤ በዘመድ መካከል ወረቀት መጠየቅ ስድብ ነው። ለጋው እንሰት ሳይቀር ተነቀለ። ለቆጮ ሊፍቁላት የመጡት ሴቶች «ኧረ ይሄስ ገና ነበር» እያሉ ከንፈር ሲመጥጡ እሷ ትስቅ ነበር።

ሕንጻው አለቀ። ድርጅቱ እየፈተነ ጎበዝ ጎበዙን ብቻ እንደሚቀበል የተሰማው ያኔ ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ሆነና ሰሎሜ ለጥቂት ወደቀች። አስጠኚ የተቀጠረላት የአበራ ልጅ አቢጋኤል አለፈች።

ገነቴ ቢሮው ድረስ ሄደች። አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል።

«አበራ፣ መርጠው እንደሚቀበሉ መቼ ነው ያወቅከው?»

አበራ ጠረጴዛውን በመዳፉ ጠረገ። «ከመጀመሪያው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትሰጪ ነበር?»

«አልሰጥም ነበር።»

«ለዚያ ነዋ!» አለ፣ እንደ ተበደለ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ደካማውን ይዘው ውጤት ከየት ያምጡ? ትምህርት ቤቱ መዳን አለበት።»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ገነቴ አንጀቷ አረረ፤ ሌባ ቢዘርፋት እንኳ እንዲህ ባላረረች። ሌባ ቢያንስ ወንድሜን ብሎ አይምልም።

ለሕንጻው ምረቃ አልሄድም ብላ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ መጥተው «ሰጥተሽ ብትቀሪ ነውር ነው» አሏት። ኋላ ላይ አንድ ሐሳብ መጣላት፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ትልቅ እንግዳ ስለ ሰሎሜ እለምነዋለሁ አለች። ልጇን አጣጥባ ይዛ ሄደች። ዘበኛው ዩኒፎርም የሌላትን አላስገባም ሲል፣ «እዚሁ አጥሩ ጋ ጠብቂኝ፤ ከጠሩሽ ትገቢያለሽ» አለቻት።

እንግዳው ዘርአብሩክ ይባላል፤ ትሑት ሰው ነው። ማይክ ይዞ ገነቴን መድረክ ላይ አወጣት።

«እኚህ እናታችን ጓሯቸውን ለትምህርት ሰጥተዋል! ልጃቸውም እዚሁ ትማራለች ተብሏል። የታለች?»

ገነቴ አፏን ሳትከፍት አበራ አቢጋኤልን ከሰልፉ ጎትቶ አጠገቧ አቆማት። «ይቺ ናት» አለ። ገነቴን ቀና ብሎ አላያትም።

ልጅቷ የአዲሱን ሹራብ እጅጌ ትጎትታለች። «አክስቴ…» አለች በሹክሹክታ። ገነቴን አሳዘነቻት፤ እሷ ምን አጠፋች? ከፊት ሽማግሌዎቹ ተደርድረዋል። «አይደለችም» ብትል አበራ ጉድ ይሆናል፣ የባሏ ቤተሰብ የሰው መሳለቂያ ይሆናል። ጉድ መሆን ይገባው ነበር፤ ፈጣሪ ያውቃል፣ ይገባው ነበር! ግን ይሉኝታ የሚሉት ክፉ በሽታ አለ።

ማይኩ ወደ አፏ ቀረበ። «ልጅዎ ናት፣ አይደል?»

«አዎ» አለች ገነቴ።

ተጨበጨበ። ፎቶ ተነሱ። እንግዳው እጇን በሁለት እጁ ጨብጦ አመሰገናት፤ ለልመና ያዘጋጀችውን ቃል ግን ሳትናገር ከመድረኩ ወረደች። ከእንግዲህ የትኛዋን ልጄን ብላ ትለምነዋለች?

ስትወጣ ሰሎሜ አጥሩ ጋ እንደቆመች ናት። አላለቀሰችም።

«ሰሎሜዬ፣ አበራ እኮ ነው…» ብላ ጀመረች እናት።

«ተይው እማ» አለች ልጅቷ። «ድምፅ ማጉያው እዚህ ድረስ ይሰማል።»