ዊልበር በሜጀር ሊግ የዋለበት ቀን

ዊልበር ቶርሰን ከኔብራስካ የበቆሎ እርሻ ተጠርቶ ቺካጎ የመጣው የቀኝ ክንፍ ተጫዋቻችን ጣቱ ስለተሰበረ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የተመኘው በሜጀር ሊግ፣ በአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ውድድር፣ መጫወትን ነበር። ገና በመጀመሪያ ምቱ ኳሷን የሜዳውን አጥር አሻግሮ መንገድ ላይ ጣላት፤ በቤዝቦል ከዚህ የሚበልጥ ምት የለም።

በቤዝቦል ቤት አንድ ደንብ አለ። አዲስ ልጅ የመጀመሪያ ኳሱን አጥር ሲያሻግር ማንም ቀና ብሎ አያየውም። አንዱ ጫማውን ያስራል፣ ሌላው ትምባሆውን ያኝካል። ልጁ ግራ ሲገባው ሁሉም እየጮኸ ይከመርበታል።

ዊልበር ሜዳውን ዞሮ እጁን ለሰላምታ ዘርግቶ መጣ። ጸጥ።

"ኳሷ... ወጥታለች አይደል?"

ጸጥ።

እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወደ መልበሻ ክፍል ገባ። ሳቃችንን አፍነን ጠበቅነው። ዝናብ መጣና ጨዋታው እስኪያባራ ቆመ፤ እሱ ግን አልተመለሰም። ሻንጣውም የለም።

"ፕሮፌሰር!" አለኝ አሰልጣኙ ጋልፒን። ኮሌጅ በመማሬ የወጣልኝ ስም ነው። "የታመመው ትከሻህ እንጂ እግርህ አይደለም። ዝናቡ ሳያባራ ያንን ገበሬ አምጣልኝ! ካልሆነ እዚያው በቆሎው ውስጥ ይቅር!"

የቡድኑን መለያ እንደለበስኩ ባቡር ጣቢያ ደረስኩ። ዊልበር ባቡሩ ውስጥ፣ መስኮት ሥር ተቀምጦ የተቀቀለ እንቁላል ይልጣል።

"ውረድ እንጂ አንተ!"

"ተወኝ ወንድሜ። ጥፋቴን ብቻ ንገረኝ። የሰው መኪና ሰበርኩ?"

"ምንም አላጠፋህም! ዝም ያልንህ ለቀልድ ነው። ለሁሉም የሚደረግ ነው።"

"ሰው በደስታው ቀን ዝም ይባላል? ስሳሳትስ ምን ልታደርጉኝ ነው?"

"ያኔማ አፋችን አይዘጋም።"

አሰብ አደረገና ፊቱን አዞረ።

"ዝናቡ እያባራ ነው፣ ዊልበር! ጋልፒን ሊያባርርህ ነው!"

እንዳልሰማ ሆኖ እንቁላሉ ላይ ጨው ነሰነሰ።

"ኧረ በእናትህ!"

ጎረሰ። የባቡሩ ፊሽካ ተነፋ፣ መንኮራኩሩ ተንቀሳቀሰ። ይሄኔ ዊልበር በሳቅ ፈንድቶ ግማሽ አካሉን በመስኮት አወጣ።

"ሸወድኩህ! እንዴት ነው፣ ዝም ማለቱን ቻልኩበት?"

"ችለህበታል! አሁን ዝለል!"

"ምን አልክ?"

ባቡሩ ሲታጠፍ ገና ይስቅ ነበር። እስከ አዮዋ ግዛት የማይቆም ፈጣን ባቡር ነው።

ስመለስ ፀሐይ ወጥታለች።

"የታለ?" አለኝ ጋልፒን።

ምን እንደምል ጠፋኝና ዝም አልኩ። እሱም ያንኑ የዝምታ ቀልድ ይዤ ልጁን ከኋላዬ የደበቅኩት መስሎት፣ ሳቁን እያፈነ ጠበቀ። ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው በቀኝ ክንፍ ሌላ ሰው አስገባ።