የከፍታ ሥራ ፈቃድ

ወሎ ሰፈር በሚገነባው ፎቅ ዘበኛ የሆኑት ጋሽ ፈዬራ፣ ተረኛ ባልሆኑበት ቀን ጣሪያው ላይ መውጣት አማራቸው። የደህንነት ተቆጣጣሪዋ ናዲያ ግን ያለ ከፍታ ሥራ ፈቃድ እንኳን ሰው፣ ቁራም አታሳርፍበትም።

«ምን ሊሠሩ ነው ጋሽ ፈዬራ?»

«ግራሬን ላያት።»

ከኤርፖርቱ ማዶ፣ ቡልቡላ፣ ድሮ ጤፍ ያጭዱበት ከነበረው ማሳ የቀረችው ያቺ የግራር ዛፍ ብቻ ናት። ነፍሷን ይማርና ባለቤታቸው ሸዋዬ ምሳ ይዛ ስትመጣ፣ ጥላዋ ሥር ነበር አብረው የሚበሉት። አሁን ማሳው ታጥሯል። እሳቸው እዚህ ሰው እንደሚከለክሉት ሁሉ፣ እዚያም እሳቸውን የሚከለክል ዘበኛ ቆሟል።

«ማየት ሥራ አይደለማ። ፈቃድ የሚሰጠው ለብየዳ፣ ለቀለም፣ ለጽዳት ነው።»

«እንግዲያው ልጥረግላችሁ።»

ናዲያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ፈረመች። የደህንነት ቀበቶውንም ራሷ አጠበቀችላቸው።

«ሙሽራ መሰሉ እኮ።»

«ወደ ሙሽራዬ አይደል የምሄደው?»

ጋሽ ፈዬራ ያን ሁሉ ጣሪያ ትተው ወደ ቡልቡላ የሚያሳየውን ጥግ ብቻ ሲጠርጉ ዋሉ፤ ሲሚንቶው ሊላጥ ምንም አልቀረው። ግራሯ በኮንዶሚኒየሞቹ መሃል ጥፍር ታክላለች። ጥላዋ ሥር ሰው ይኑር አይኑር ከዚህ ርቀት አይለይም፤ እሳቸውም ሸዋዬ አለች ብለው ያዙ።

አመሻሽ ላይ ሲወርዱ፣ ናዲያ ፈቃዱን ለመዝጋት እንደ ደንቡ ጠየቀቻቸው፦

«ሥራው አለቀ?»

ጋሽ ፈዬራ ቀበቶውን ሳይፈቱ ቆም አሉ።

«የት ያልቃል ልጄ፤ ለነገም አድሺልኝ።»