የባህር ወንበዴ ያባረረው የኢድ ቀሚሴ

ቀሚሴ የባህር ወንበዴ አባረረ! ወላሂ! እኔ እንኳን ባህር አይቼ አላውቅም፣ ያየሁት ትልቁ ውሃ ቦርከና ወንዝ ሲሞላ ነው። ቀሚሴ ግን ቀይ ባህር ላይ ቆሞ መሳሪያ የያዙ ሰዎችን መለሰ!

ቆይ ቆይ፣ ከስሩ ልንገራችሁ።

ወንድሜ አንዋር የጭነት መርከብ ላይ ነው የሚሰራው። ይሄን ከቤታችን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እማ ጅቡቲ መጋዘን ውስጥ የሚሰራ ነው የሚመስላት። ባህር ላይ መሆኑን ካወቀች አለቀለት፣ ሁለተኛ ከከተማችን ከከሚሴ አያልፍም።

ዛሬ ለኢድ መጣና ከጅዳ የገዛልኝን ቀሚስ ሰጠኝ። ቀይ፣ ሰፊ፣ እጅጌው የሚውለበለብ! ስዘረጋው ግን ባንድ ጎኑ ነጥቷል፣ ጨው በጨው ሆኖ እንደ ካርቶን ደርቋል።

«አንተ! የማንን አሮጌ ነው ያመጣህልኝ?»

«አቦ ቀስ በይ፣ እማ ትሰማለች!» ብሎ ወደ ጓሮ ጎተተኝ።

ለካ መርከባቸው የጦርነት መድን የሚባል አለው። ወንበዴና ሚሳኤል ያለበት ባህር ሲያልፉ ለብቻ የሚገቡት ነው፤ መርከቧ ብትመታ ወይ ብትያዝ የሚከፍለው እሱ ነው። የመድኑ ሰዎች ደግሞ «የታጠቀ ጠባቂ ካልጫናችሁ አናውቃችሁም» አሏቸው። ጫኑ። ጠባቂዎቹ የተበላሸ አሳ በልተው ሁሉም ተዘርረው ያስመልሳሉ! መሃል ባህር ላይ!

ካፒቴኑ ሲጨነቅ አንዋር ምን ትዝ አለው? ጨፋ ያለው የማሽላ እርሻችን! ወፍ ሲያስቸግር እንጨት አመሳቅለን ልብስ የምናለብሰው ማስፈራሪያ። የመጥረጊያ እንጨት አመሳቀለ፣ የስራ ቱታ አለበሰ፣ ሄልሜት ደፋ፣ በመርከቧ ዙሪያ ገተራቸው። ለመጨረሻው ቱታ አለቀበት።

«እና የኔን ቀሚስ?!»

«ምን ላድርግ? ሄልሜት ደፋሁባትና ባንቺ ስም አፍናን አልኳት።»

የወንበዴዎቹ ጀልባ መጣ። አንዋር አድፍጦ በመነጽር ያያቸዋል። ቱታዎቹን እያዩ ይስቃሉ፣ እንዲህ ዓይነት አሻንጉሊት ለምደዋላ! ተጠጉ። ከዛ ነፋስ ተነሳ። ሄልሜት ያደረገች ቀይ ሴት እጇን እያወራጨች እንደምትሳደብ ሆነች። ቆሙ። አዩ። ተመካከሩ። ዞረው ሄዱ!

በኋላ የመድኑ ሰውዬ ደውሎ «በሰዓቱ ዘብ የቆመው ማን ነበር?» ቢል አንዋር «እህቴ» አለው። ካፒቴኑ እግሩን ረገጠው።

በሳቅ ስፈርስ እማ መጣች። ቀሚሱን አነሳች፣ አሸተተችው።

«ኩን ማሊ? ይሄ ምንድነው አንዋሬ? የጅቡቲ መጋዘን ጣሪያ የለውም እንዴ?»

«ፀሐዩ ኃይለኛ ነው እማ።»

«ጨውስ? ፀሐይ ጨው ይረጫል?»

እሱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። እማ ወደ እኔ ዞረች።

«አፍናን፣ አንቺ አትዋሺኝም።»

ያ ረቢ! «ሽንቴ መጣ» ብዬ ሮጬ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ነው የምጽፍላችሁ። ከነገርኳት የመርከብ ስራውን ያጣል፣ ስለ ባህር ሲያወራ ደግሞ ፊቱን ብታዩት! ካልነገርኳትስ? በሚቀጥለው ጊዜ ወንበዴ ሲመጣ ነፋስ ባይኖርስ? ይኸው በሩን እየደበደበች ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ? ቶሎ በሉ!